«675 እጥፍ ያጎላል» የተባለው ቴሌስኮፕ ደብረ ማርቆስ ላይ ሲፈተሽ

ካርቶኑ ላይ በትልልቅ ቁጥር «675 እጥፍ» ተብሎ ተጽፏል። ከጎኑ ቀለበቷ የሚያብረቀርቅ ሳተርን አለች። ከላይ በቀለም ያበደ የጋዝ ደመና፣ ከታች ደግሞ ዙሪያው እሳት የሆነ ጥቁር ጉድጓድ (ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስወጣ የሰማይ አካል) ተስሏል። ከሦስቱ ሥዕሉን በመጠኑም ቢሆን የምትመስለው ሳተርን ብቻ ናት። ጥቁር ጉድጓዱማ ጭራሽ አይታሰብም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ሠርግና ምረቃ እሠራለሁ፣ ጊዜ ካገኘሁ የተበላሸ ካሜራ እፈታለሁ። እንጀራዬ ሌንስ ስለሆነ በማጉላት ቁጥር በቀላሉ አልሸወድም። «ስልኬ መቶ ጊዜ ዙም ያደርጋል» የሚል ሰው ፎቶውን ሊያሳትም ሲመጣ ይዞት የሚመጣው ምን እንደሚመስል አሳምሬ አውቃለሁ። ታዲያ ለምን ገዛሽው ካላችሁኝ፣ ጣጣው የመጣው ከእህቴ ልጅ ነው።

ልጁ ፊዚክስ ያጠናል። አንድ ቀን ሱቅ ቁጭ ብሎ ሻይ እየጠጣ፣ «አክስቴ፣ ጥቁር ጉድጓድ በሌንስ እንደሚፈለግ ታውቂያለሽ?» አለኝ። በምን ዓይነት ሌንስ ብዬ ስጠይቀው፣ «ሌንሱ ራሱ ጥቁር ጉድጓዱ ነዋ» አለ። ይህን ሰምቶ ዝም የሚል የሌንስ ሰው የለም። ስለዚህ ይህ ግምገማ የዕቃውን ጥራት ብቻ አይደለም የሚመዝነው። ሻጩ «ጥቁር ጉድጓድ ሳይቀር ያሳያል» ብሎኛልና፣ ነገሩን እስከ ጥጉ ሄጄ አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። የመስተዋት ቴሌስኮፕ ነው። መስተዋቱ 114 ሚሊሜትር ስፋት፣ 900 ሚሊሜትር የትኩረት ርዝመት አለው። ሁለት አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ) ይዞ ይመጣል፤ አንዱ 20 ሚሊሜትር፣ ሌላው 4። በዚያ ላይ «3 እጥፍ» የሚል የፕላስቲክ ባርሎው፣ ማለትም ማጉላቱን የሚያባዛ ተጨማሪ ሌንስ፣ ተጨምሮበታል። 900ን ለ4 አካፍሉ፤ 225። በ3 አባዙት፤ 675። የካርቶኑ ቁጥር የተገኘው እንዲህ ነው። ሒሳቡ ልክ ነው፣ መስተዋቱ ግን አይሸከመውም። የቴሌስኮፕ ጠቃሚ ማጉያ በግርድፉ የመስተዋቱ ስፋት በሚሊሜትር ተለክቶ በ2 ሲባዛ ነው። ለዚህኛው 228 አካባቢ መሆኑ ነው። ከዚያ ካለፈ የደበዘዘውን በትልቁ ማየት ይሆናል። ባርሎውን ከካርቶኑ ባታወጡትም ምንም አይቀርባችሁም። እኔ ሁሌ የምጠቀመው 20 ሚሊሜትሩን ነው፤ 45 እጥፍ ያጎላል፣ ሰማዩንም ሰፋ አድርጎ ያሳያል።

ገንዘብ የሚያወጣው ቁጥር 114ቱ ነው። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ ቢበዛ 7 ሚሊሜትር ያህል ቢከፈት ነው። የገጽ ስፋትን ከገጽ ስፋት ካነጻጸራችሁ መስተዋቱ ከዓይን 265 ጊዜ ያህል የበለጠ ብርሃን ይሰበስባል። ካሜራ የያዘ ሰው ይህ ይገባዋል፤ አፐርቸር፣ የብርሃን መግቢያው ስፋት፣ ነው ወሳኙ። ስለ ስፋቱ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ግን በጥቃቅን ፊደል፣ በጎን በኩል ነው።

የመስተዋቱ አሠራር ደህና ነው። ጨረቃ ላይ የጉድጓዶቹ ጠርዝ ምላጭ ይመስላል። ጁፒተር ሁለቱን ቀበቶዎቿን ታሳያለች፣ አራቱ ጨረቃዎቿ ተሰልፈው ይታያሉ። ሳተርን በ4 ሚሊሜትሩ፣ አየሩ ከተረጋጋ፣ ትንሽ ግን ጥርት ያለች ናት። የጎረቤት ልጆች በሰልፍ አይተው «ተለጥፎ ነው» ብለው ከፊት በኩል ቱቦው ውስጥ የፈተሹት እሷን ካዩ በኋላ ነው።

ችግሩ ያለው መቆሚያው ላይ ነው። ይህንን ዘርዘር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ካርቶኑ ላይ የለም፣ ሻጩም አያውቀውም። መቆሚያው የኮከቦችን ዙር ተከትሎ እንዲዞር የተሠራ ነው። ለዚያ ደግሞ ዋናው ዘንግ ወደ ሰሜን ኮከብ መነጣጠር አለበት። አውሮፓ ውስጥ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 50 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ብሎ ይታያል። ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ከፍታው 10 ዲግሪ ብቻ ነው። ዘንጉን እዚያ ድረስ ዝቅ ሳደርገው የሚዛን ክብደቱን የያዘው ብረት ከትራይፖዱ እግር ጋር ይጋጫል። ማዘንበያው ቪትም መጨረሻው ላይ ይደርስና እንቢ ይላል። የሰሜን ኮከብ ራሱ በእኔ ግቢ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ነው። መፍትሔው ያገኘሁት ከአናጢ ነው፤ አንዱን የትራይፖድ እግር የሚያነሳ ሽብልቅ እንጨት ጠርቦልኝ፣ ሚዛኑ አሁን በእግሮቹ መካከል ያልፋል። እንዲህ ያለ ዕቃ እኛ አገር ሲሸጥ ይህ እንጨት አብሮ ቢሸጥ እንዴት ጥሩ ነበር።

ሌላም አለ። ማነጣጠሪያዋ በሁለት ቀጫጭን ቪት የተያዘች ፕላስቲክ ናት፤ በነካኋት ቁጥር ትሸሻለች። የትኩረቱ ጥርስ ውስጥ ያለው ግራሶ በብርድ ሌሊት ሙጫ ይሆናል። ፈትቼ ጠርጌ፣ ለካሜራ ሌንስ የምጠቀምበትን ቀጭን ቅባት ቀባሁት፤ አሁን እንደ ቅቤ ይሄዳል። የመስተዋት ማስተካከያ ብሎኖቹም ከጉዞ በኋላ ስለሚላሉ ካቻቢቴ ከአጠገባችሁ አይጥፋ። ሱቁ ጋ ስለ ዘንጉ ስደውል «ዕቃ ከወጣ አይመለስም» ተባልኩ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሌሎቹም ያው ናቸው።

አሁን ወደ ጥቁር ጉድጓዱ።

ነገሩን የገለጥኩት ለራሴ ሳይሆን ለመሪጌታ ነው። የሰፈራችን መሪጌታ ለመታወቂያ ማደሻ ጉርድ ፎቶ ሊነሱ መጡ። ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ ቴሌስኮፑን አዩና፣ «ይኸ ደግሞ ምን ያደርግልሻል ልጄ?» አሉኝ። የእህቴ ልጅም እዚያው ነበር። ብርሌ አመጣ፤ ቂጡ ወፈር ያለውን ባዶ ብርሌ። ነጭ ወረቀት ላይ በእስክሪፕቶ አንድ ነጥብ አደረገና ብርሌውን ላዩ ላይ አስቀመጠ። መሪጌታ ጎንበስ ብለው በአፉ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከቱ። ነጥቧ ተለጥጣ ቅስት ሆናለች። ብርሌውን በጣታቸው ጫፍ ገፋ አደረጉት። ቅስቱ ዞረ። ልክ መሐል ሲገባ ቀለበት ሆነ። አሁንም ገፋ፣ አሁንም መለስ። ፎቶውን ረስተውታል።

«ስበት ብርሃንን እንዲህ ያጥፋል መሪጌታ» አለ ልጁ። በ1919 (በእኛ አቆጣጠር ካላልኩ ዓመቶቹ የፈረንጆች ናቸው) የፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ እንግሊዞች በፀሐይ አጠገብ የሚያልፍ የኮከብ ብርሃን መታጠፉን ፎቶ አንስተው ለክተዋል። አይንስታይን አስቀድሞ የተናገረው 1.75 ሴኮንድ የሚባል ኢምንት ማዕዘን ነበር። በ1936 ደግሞ ሩዲ ማንድል የተባለ አማተር ደጅ ጠንቶ፣ ወትውቶ፣ አንዱ ኮከብ ለሌላው ኮከብ ሌንስ ሊሆን እንደሚችል አይንስታይንን አስጻፈው። አይንስታይን ጽፎ ሲያበቃ፣ ይህን በቀጥታ የማየት ተስፋው እምብዛም ነው አለ። (ፊዚክሱ ልክ፣ ተስፋው ስሕተት። የእኔ ደንበኞች ግን አብዛኛውን ጊዜ ተገላቢጦሽ ናቸው።)

መሪጌታ ቀና ብለው፣ «ብርሌው ራሱ የማይታይ ቢሆንስ?» አሉ።

ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። ጋላክሲዎች የሚዞሩበት ፍጥነት በሚታዩት ኮከቦችና ጋዝ ክብደት ብቻ ሊብራራ አልቻለም። ከተራው ቁስ አምስት ጊዜ ያህል የሚበልጥ፣ ብርሃን የማይሰጥ ነገር አለ። ጨለማ ቁስ ይሉታል። ምን እንደሆነ ማንም አላወቀም። ከግምቶቹ አንዱ ቀደምት ጥቁር ጉድጓዶች የሚባሉት ናቸው። እነዚህ ከሞተ ኮከብ የመጡ አይደሉም። ዓለም በተፈጠረች በመጀመሪያዋ ሰከንድ ውስጥ፣ ከመጠን በላይ የታጨቀ ቦታ በራሱ ክብደት ተደርምሶ የተፈጠሩ ናቸው የሚል ሐሳብ ነው። ዜልዶቪችና ኖቪኮቭ በ1967፣ ሆኪንግ በ1971 አንስተውታል። ኮከብ ስላልወለዳቸው ክብደታቸው ምንም ሊሆን ይችላል፤ የፀሐይን ያህል፣ የጨረቃን ያህል፣ የአንድ የጠፈር አለት ያህል። የምድርን ያህል የሚከብደው ራዲየሱ 9 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ይህን የትኛው ቴሌስኮፕ ያየዋል? የትኛውም።

«እንግዲያው ነጥቡ ዝም ብሎ ተቀምጦ፣ የማይታየው ብርሌ በላዩ ቢያልፍበት ነጥቡ ይለወጣላ» አሉ መሪጌታ። ልጁ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። በ1986 ቦህዳን ፓቺንስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ያቀረበው ሐሳብ ይኸው ነው። የእኛን ጋላክሲ፣ ፍኖተ ሐሊብን፣ የከበበው ጨለማ ቁስ እንዲህ ባሉ አካላት የተሞላ ከሆነ፣ ከእኛና ከትልቁ የማጄላን ደመና መካከል ያልፋሉ። ደመናው 160 ሺህ የብርሃን ዓመት የሚርቅ ትንሽ ጋላክሲ ነው። አንዱ አካል በአንዱ ኮከብ ፊት ሲያልፍ ቀለበቱን ለይቶ ማየት አይቻልም፣ በጣም ትንሽ ነው። ኮከቡ ግን ቀስ እያለ ይደምቃል፣ ከዚያ በመጣበት አኳኋን ይደበዝዛል። መውጫውና መውረጃው አንድ ዓይነት ነው። በቀይም በሰማያዊም ማጣሪያ ቢታይ እኩል ይደምቃል። አንዴ ካለፈ አይደገምም።

«ስንት ቀን ይፈጃል?» አሉ መሪጌታ። ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ቀኑን ሳይጠይቅ አያልፍም። መልሱ በክብደቱ ልክ ነው። የፀሐይን ያህል የሚከብድ ከሆነ ወራት ይወስዳል። የጁፒተርን ያህል ከሆነ ቀናት፤ የምድርን ያህል ከሆነ ሰዓታት። ክብደቱ መቶ ጊዜ ሲቀንስ ጊዜው አሥር ጊዜ ያጥራል። ቀኑን በመቁጠር ብቻ ያላዩትን ነገር ክብደት መገመት ይቻላል።

ግን ስሌቱ አስፈሪ ነው። ጨለማ ቁስ ሙሉ በሙሉ በእንዲህ ያሉ አካላት የተሠራ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ጊዜ እንዲህ የሚደምቀው ከሁለት ሚሊዮን ኮከቦች አንዱ ብቻ ነው። እንግዲህ ለዚህ የሚያስፈልገው 675 እጥፍ ማጉላት አይደለም። ሚሊዮን ኮከቦችን በአንድ ፎቶ ማንሳት፣ ነገም እዚያው ተመልሶ ማንሳት፣ ለዓመታት። ከዓለም ሥራዎች ሁሉ የጉርድ ፎቶ ሥራን የሚመስል ሳይንስ ቢኖር ይኸ ነው ብዬ ለልጁ ነግሬዋለሁ።

ሥራው የተጀመረው በ1990ዎቹ መግቢያ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ማቾ የተባለው ቡድን የተጠቀመበት ቴሌስኮፕ ትውልዱ 1868 ነው፤ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ባለፉበት ዓመት ማለት ነው። አሮጌውን አድሰው፣ ዲጂታል ካሜራ ገጥመው ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ኮከቦችን አዩበት። በ1993 የመጀመሪያዎቹ ድምቀቶች ሲገኙ ጨለማ ቁስ ተገኘ የተባለ መሰለ። በ2000 ያወጡት ውጤት ከጨለማ ቁሱ 20 በመቶ ያህሉ እንዲህ ያለ አካል ሊሆን እንደሚችል የሚጠቁም ነበር። ኤሮስ የተባለው የፈረንሳይ ቡድን በ2007 ከ8 በመቶ አይበልጥም አለ። አሮጌው ቴሌስኮፕ ደግሞ በ2003 በሰደድ እሳት ተቃጠለ።

ነገሩን የቋጨው ኦግል የተባለው የፖላንድ ቡድን ነው። ቺሊ ተራራ ላይ ባለ 1.3 ሜትር መስተዋት ከ2001 እስከ 2020 ወደ 80 ሚሊዮን የሚጠጉ የማጄላን ደመና ኮከቦችን ተከታተሉ። ውጤቱን በ2024 አሳተሙ። ጨለማ ቁስ ሁሉ አሥር የፀሐይ ክብደት ባላቸው ጥቁር ጉድጓዶች የተሠራ ቢሆን 258 ድምቀት ማየት ነበረባቸው። ያዩት 13 ነው። አሥራ ሦስቱም በታወቁ ተራ ኮከቦች የሚብራሩ ናቸው። ይህን ፍለጋ እንደገና ያስነሳው በ2015 በስበት ሞገድ የተገኙት፣ ሠላሳ የፀሐይ ክብደት አካባቢ ያላቸው ጥቁር ጉድጓዶች ነበሩ። ምናልባት ቀደምቶቹ እነዚህ ይሆኑ እንዴ ተብሎ ነበር። የኦግል መልስ፣ ቢኖሩም የጨለማ ቁሱን ዋና ክፍል አይሆኑም የሚል ነው።

«ሃያ ዓመት?» አሉ መሪጌታ። «በሃያ ዓመት እኮ ድጓ አስመስክሮ፣ ቅኔ ተቀኝቶ፣ አቋቋም ተጨምሮበትም ዓመት ይተርፋል።» ፎቷቸው በመጨረሻ ተነሳ። ፈገግ ብለው ስለወጡ «ለመታወቂያ ይመለስብኛል» ብለው ድጋሚ አስነሱኝ።

የቀለሉትን የሚፈልግ ደግሞ ሌላ ስልት ይጠቀማል። የጃፓኑ ሱባሩ ቴሌስኮፕ መስተዋቱ 8.2 ሜትር ነው። በኅዳር 14 ቀን 2007 በእኛ አቆጣጠር፣ አንድ ሌሊት ብቻ፣ ለሰባት ሰዓት ያህል አንድሮሜዳ ጋላክሲን በየሁለት ደቂቃው አነሳ። የጨረቃን ያህል የሚከብዱ ጥቁር ጉድጓዶች ጨለማ ቁስን ሞልተውት ቢሆን ወደ 1,000 ድምቀት ይጠበቅ ነበር። የተገኘው አንድ አጠራጣሪ ብቻ። አሁን ሰፊ ክፍተት ሆኖ የቀረው የጠፈር አለት ያህል የሚመዝኑት ናቸው። እነዚህ በስፋታቸው ወደ አቶም የሚጠጉ ስለሆኑ የስበት ሌንሳቸው ከኮከቡ ፊት ራሱ ያነሰ ይሆናል፣ ብርሃንም በሞገድነቱ ያመልጣቸዋል። በዚያ ክብደት ላይ በሩ ገና አልተዘጋም።

እንግዲህ የእኔን 114 ሚሊሜትር ከእነዚህ ጋር አስተያዩት። የቺሊው መስተዋት 130 ጊዜ ያህል፣ ሱባሩ ደግሞ ከ5,000 ጊዜ በላይ ብርሃን ይሰበስባሉ። ሻጩ ያለኝ ነገር ከንቱ ነው። ሆኖም ዕቃውን ቁም ሳጥን ላይ አልሰቀልኩትም፤ ምክንያቱም ያ ሁሉ ፍለጋ የተካሄደበት ሰማይ ከእኛ ደጅ ይታያል።

ጥር ላይ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ ደጀን ዘመድ ቤት ይዤው ሄድኩ። ደጀን ማለት ዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ ነው። በደቡብ በኩል መሬቱ ቁልቁል ስለሚወርድ አድማሱን የሚጋርድ የለም። ከማዶ የጎሃ ጽዮን መብራት ብቻ ብልጭ ብልጭ ይላል። የማጄላን ደመና ከዚህ ሲታይ ቢበዛ 10 ዲግሪ ያህል ነው ከፍ የሚለው። አዲስ አበባም ያለ ሰው ከዚህ ብዙም አይሻለው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ካኖፐስ የተባለውን ደማቅ ኮከብ ያዝኩና ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ወረድኩ። የበጋ አቧራ ስለነበረ በባዶ ዓይን እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። በ20 ሚሊሜትሩ ግን ቱቦውን ቀስ እያልኩ ስነዳ አንዲት የደበዘዘች ነጭ ቦታ አይፒሱ ውስጥ ገባች። ታራንቱላ የሚባለው የጋዝ ደመና ነው። ቀለም የለው፣ ቅርጽ የለው። ትንፋሽ መስተዋት ላይ ያረፈ ይመስላል። ዘመዴ አይታ፣ «ለዚህ ነው ከማርቆስ ድረስ የተሸከምሽው?» አለችኝ። ለዚህ ነው።

ሌላው ሰማይ የፍኖተ ሐሊብ መሐል ነው። ኦግል እዚያ በዓመት 2,000 ያህል እንዲህ ያሉ ድምቀቶችን ያገኛል፤ አብዛኞቹ ተራ ኮከቦች የሚያደርጓቸው ናቸው። በ2011 በዚያ አቅጣጫ ከታየው አንዱ ግን ብቻውን የሚንከራተት፣ ሰባት የፀሐይ ክብደት አካባቢ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ሆኖ ተገኝቷል። ይህኛው ከኮከብ የመጣ ነው፣ ቀደምት አይደለም። ቦታው ለእኛ ወደ 50 ዲግሪ ከፍ ስለሚል ከአውሮፓ ሰው እጅግ እንሻላለን። ችግሩ ምሽት ላይ የሚወጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የጎጃም ክረምት ደግሞ ለኮከብ አይራራም። ስለዚህ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሊነጋ ሲል መነሳት ነው። ከአልጋ ወጥቶ ግቢ ድረስ ብቻ፤ በዚያ ሰዓት ከግቢ መውጣት ለሰውም ለጅቡም ጥሩ አይደለም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሲያማርር እኔ ቱቦውን እያወጣሁ ነው።

ዕቃው በደንብ የሠራልኝ ሥራ የብርሃን ኩርባ፣ ማለትም የኮከብ ድምቀት በጊዜ ሲለዋወጥ የሚያሳይ ግራፍ፣ ማንሳት ነው። ካሲዮፒያ አካባቢ አርዜድ ካሲዮፒያ የምትባል ጥንድ ኮከብ አለች። (ግሪኮች ካሲዮፒያን የኢትዮጵያ ንግሥት ናት ይላሉ፤ እንኳን ደህና መጣች።) አንዷ ሌላዋን ስትጋርድ ብርሃኗ በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ከዚያ ይመለሳል። በባዶ ዓይን የምትታየው ለጥቂት ነው፣ በዚህ መስተዋት ግን አታስቸግርም። ስልኬን አይፒሱ ላይ በመያዣ አሠርኩና፣ በየአሥር ደቂቃው እሷንና አጠገቧ ያሉትን አነሳሁ። ልጁ ብሩህነታቸውን ከጎረቤቶቿ ጋር እያመሳከረ በግራፍ ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ አስቀመጠው። ሸለቆ ወጣ፤ ዓባይ በረሃን በጎን ያየው ሰው የሚያውቀው ዓይነት። የስበት ሌንስ ሲሆን ይህ ይገለበጣል፤ ሸለቆው ኮረብታ ይሆናል። ይቺ ደግሞ በ29 ሰዓት ገደማ ተመልሳ ትደበዝዛለች፣ የሌንሱ ግን አንዴ ብቻ ነው። ወረቀቱን ሱቅ ግድግዳ ላይ ከሙሽሮቹ አጠገብ ለጥፌዋለሁ።

«አማተር ምንም አያገኝም» ለሚል ደግሞ የታጎን ነገር ልንገረው። አኪሂኮ ታጎ ጃፓናዊ አማተር ነው። በጥቅምት 21 ቀን 1999 በእኛ አቆጣጠር (የማርያም ዕለት ነው)፣ እዚያው ካሲዮፒያ ውስጥ አንድ ተራ ኮከብ ያለ ወትሮው ደምቆ አገኘ። 11.4 ማግኒቲውድ (የድምቀት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል) የነበረው ኮከብ 7.5 ደርሷል፤ ወደ 40 ጊዜ ደምቋል ማለት ነው። የስበት ሌንስ መሆኑ ተረጋገጠ። ሌንሱ ጥቁር ጉድጓድ ሳይሆን ተራ ደብዛዛ ኮከብ ነው ተብሎ ነው የተገመተው። እኔን የያዘኝ ግን ቁጥሩ ነው። ጨለማ ግቢ ውስጥ የእኔ ቴሌስኮፕ እስከ 12 ማግኒቲውድ ይደርሳል። ያ ኮከብ ሳይደምቅም፣ ደምቆም በዚህ ዕቃ ይታይ ነበር።

ታዲያ ይገዛ ወይስ አይገዛ? ለልጅ የልደት ስጦታ ብላችሁ ከሆነ አትግዙ፤ መቆሚያው ያናድደዋል፣ በሳምንቱ የልብስ መስቀያ ያደርገዋል። በዚያው ዋጋ አነስ ያለ፣ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥና በእጅ የሚገፋ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ካቻቢቴ መያዝ የማይሰለቸው፣ አንድን ኮከብ ደጋግሞ ማየት የሚወድ ሰው ከሆነ ግን ይግዛ። ትምህርት ቤቶችም ቢገዙት አይቆጩም። መስተዋቱ ከአምስት አራት ይገባዋል። መቆሚያው ሁለት፤ ሽብልቁ ከገባ በኋላ ሦስት። ካርቶኑ ዜሮ።

ለገዛ ሰው አንድ ነገር። ሰኔ ሲገባ ዕቃውን የምታስቀምጡት ደረቅ ቦታ ይሁን፣ ከካሜራ ካርቶን የሚወጡትን የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ቱቦው ውስጥ ጨምሩበት። ክዳኑን ከመግጠማችሁ በፊት ግን መስተዋቱ ጤዛ አለመያዙን እዩ። እርጥብ ሆኖ የተከደነ መስተዋት በአንድ ክረምት ሻጋታ ያወጣል፤ የሰው ሌንስ በዚህ ስንቱ ተበላሽቶ መጥቶልኛል።